ይድነቃቸው ተሰማና የሜዳው ሕግ

በጨዋታ ሜዳ ላይ የሚሰለፉ ሰዎች በሀብትም ሆነ በትውልድ፣ በቋንቋም ሆነ በሃይማኖት ልዩ ልዩ ቢሆኑ፣ ዳኛው ፊሽካውን የሚነፋባቸው ሕግ አንድ ነው። የባለጸጋው ልጅ ስለ አባቱ ሀብት አንድ ግብ አይጨመርለትም፤ የድኻውም ልጅ ስለ ድኽነቱ ካገባው ግብ አንድም አይቀነስበትም። ጨዋታ ከመዝናኛነት አልፎ የትምህርት ቤት ባልንጀራ ሆኖ የኖረው በዚህ ምክንያት ነው። ልጆች እኩልነት ምን እንደ ሆነ ከመጽሐፍ ተምረው ከመረዳታቸው አስቀድሞ በሜዳ ላይ በእግራቸው ያውቁታል። ነገር ግን ወደ ሜዳው የሚያስገባው በር ለአንዱ ተከፍቶ ለሌላው የተዘጋ እንደ ሆነ፣ በውስጥ ያለው ሕግ ምንም ያህል የቀና ቢሆን ጨዋታው ሐሰት ይሆናል። ይህን ነገር በማለዳ ከተረዱትና እስከ ዕድሜአቸው ፍጻሜ ድረስ አጥብቀው ከያዙት ሰዎች አንዱ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው።

አቶ ይድነቃቸው በተጫዋችነት፣ በአሠልጣኝነትና በስፖርት አስተዳዳሪነት ከግማሽ ምእት ዓመት በላይ የሠሩ፣ ስማቸውም ከኢትዮጵያ ወሰን አልፎ በአፍሪቃና በዓለም የታወቀ ሰው ነበሩ። ያገቧቸው ግቦች ብዛትና የተቀበሏቸው ማዕርጎች ብቻ ቢቈጠሩ ለአንድ ሰው ታሪክ በቂ በሆኑ ነበር። ይሁን እንጂ የሕይወታቸው ፍሬ ነገር በሌላ ስፍራ ይገኛል። እርሱም የሜዳው በር ለሁሉ እስኪከፈት ድረስ ባለመጫወት የሚገኘውን ኪሳራ ለመቀበል መቍረጣቸው ነው።

የተወለዱት መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በቅኔ አዋቂነታቸውና በዘፈናቸው ስመ ጥሩ ነበሩ። ነጋድራስ ተሰማ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት የአውቶሞቢል ሥራ እንዲማሩ ወደ ጀርመን አገር ተልከው ነበር፤ በዚያም ሳሉ ድምፃቸው በሸክላ ተቀርጾ ስለ ነበር ከአገራችን ሰዎች መካከል ዜማቸውን በሸክላ በማስቀረጽ ቀዳሚ ከሆኑት ይቈጠራሉ። እንግዲህ ይድነቃቸው ያደጉት አዲስ ነገርን በማይፈራ፣ ከአውሮፓ የመጣውንም ጥበብ በራሱ ቋንቋና በራሱ ዜማ መጠቀም በሚችል አባት ቤት ነበር። የአባት ጠባይ በልጁ ሥራ ላይ እንደሚታይ ወደ ፊት እንመለከታለን፤ እግር ኳስም ከውጭ የመጣ ነገር ነበርና።

ይድነቃቸው ትምህርታቸውን በአዲስ አበባ በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተከታተሉ። ያ ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. የተከፈተ ሲሆን፣ የውጭ አገር ቋንቋዎችንና ዘመናዊ ትምህርትን ለኢትዮጵያ ወጣቶች ከሚሰጡት ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነበር። በኋላ ዘመን ይድነቃቸው በዓለም አቀፍ ጉባኤዎች ላይ ያለ አስተርጓሚ ለመናገርና ለመከራከር የቻሉት በዚህ ትምህርት መሠረት ላይ ሆነው ነው።

በዚያን ዘመን እግር ኳስ በአዲስ አበባ በአብዛኛው የውጭ አገር ሰዎች ጨዋታ ነበር። በከተማው የሚኖሩት አርመኖች፣ ግሪኮች፣ ጣልያኖችና ሌሎችም በየወገናቸው እየተሰበሰቡ ይጫወቱ ነበር፤ የኢትዮጵያ ልጆች ግን ከሜዳው ዳር ቆመው ከማየት በቀር የራሳቸው የሚሉት ቡድን አልነበራቸውም። በ1928 ዓ.ም. በአራዳ አካባቢ በአየለ አትናሽና በጆርጅ ዱካስ ጠንሳሽነት የቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን ተመሠረተ። ይድነቃቸውም ገና የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳሉ ከቡድኑ ጋር ተቀላቀሉ። ቡድኑ የተወለደበት ዓመት አገሪቱ በኢጣልያ ወራሪ ጦር የተደፈረችበት ዓመት ነበረ።

ወረራው በከተማው ሕይወት ሁሉ ላይ ያመጣው የዘር ሕግ ወደ ጨዋታ ሜዳም ደረሰ። ነጩ ከጥቍሩ ጋር በአንድ ቤት እንዳይኖር፣ በአንድ ማዕድ እንዳይበላ የሚከለክለው የፋሺስት ደንብ፣ ነጭና ጥቍር በአንድ ሜዳ እንዲጫወቱም አይፈቅድም ነበር። የኢትዮጵያውያን ቡድኖች እርስ በርሳቸው ብቻ እንዲጫወቱ ተወሰነ፤ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድንም የቀድሞ ስሙን ትቶ ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር በሚል ስም እንዲጠራ ተገደደ። የጠላት ገዥዎች ይህን ያደረጉት ስለ ኳስ ጨዋታ ተጨንቀው አልነበረም። አንድ ኢትዮጵያዊ ልጅ ኢጣልያዊውን በሕዝብ ፊት በጨዋታ ያሸነፈ እንደ ሆነ፣ የነጭ የበላይነት የሚባለው ስብከት ሁሉ በዘጠና ደቂቃ ውስጥ እንደሚፈርስ ስላወቁ ነው። ይድነቃቸው ከዐሥራ አራት እስከ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ያለውን የጕርምስና ዘመናቸውን ያሳለፉት በዚህ ደንብ ሥር ነበር። ሰውን በቈዳው ቀለም ለይቶ ከሜዳ ማስወጣት ምን ማለት እንደ ሆነ ሌላ ሰው እንዲያስረዳቸው የሚያስፈልጋቸው አልነበሩም።

በ1933 ዓ.ም. አገሪቱ ነጻ ከወጣች በኋላ ቡድኑ የቀድሞ ስሙን መልሶ ያዘ። በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኢትዮጵያ የሻምፒዮና ውድድር ሲደረግ አምስት ቡድኖች ተካፋይ ሆኑ፤ እነርሱም የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን፣ የኢጣልያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስና የኢትዮጵያውያኑ ቅዱስ ጊዮርጊስ ነበሩ። በዚያ ዓመት ያሸነፉት እንግሊዞች ናቸው። ነገር ግን ከውጤቱ ይልቅ የሚያስደንቀው የተጋጣሚዎቹ ዝርዝር ነው፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ሜዳ ላይ መቆም የተከለከሉት ሰዎች አሁን በአንድ ሕግ ሥር ሆነው ተጋጠሙ። የተሸነፈው ጣልያንም ከኢትዮጵያዊው ጋር እጅ ለእጅ ተጨባብጦ ወደ ቤቱ ሄደ።

ይድነቃቸው ለቅዱስ ጊዮርጊስ ሃያ ሦስት ዓመት ያህል ተጫውተዋል። በዚህም ጊዜ በ365 ግጥሚያዎች ተሰልፈው 318 ግብ እንዳገቡ ይቈጠርላቸዋል። ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድንም 15 ጊዜ ተሰልፈዋል። በዚያን ዘመን ተጫዋችነት ደመወዝ የሚያስገኝ ሙያ ስላልነበረ፣ ቀን በሥራው የዋለ ሰው ማታ ጫማውን አጥብቆ ወደ ሜዳ ይወጣ ነበር። ይድነቃቸው ደግሞ ከጨዋታው በላይ ሌላ ሸክም ጨመሩ። አገሪቱ የስፖርት ጽሕፈት ቤት፣ ደንብ፣ ዳኛና ፌዴሬሽን ያስፈልጋት ስለ ነበር፣ በነዚህ ሁሉ ምሥረታ ከተካፈሉት ዋነኞቹ አንዱ ሆኑ። የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን በዚሁ ከነጻነት በኋላ በነበረው ጊዜ ተቋቋመ። በአንድ እጅ ኳስ፣ በአንድ እጅ ብዕር ይዞ መሥራት የዚያ ትውልድ ዕጣ ነበር።

የሕይወታቸው ታላቅ ፈተና የመጣው በ1949 ዓ.ም. ነው፤ ስፍራውም ካርቱም ነበር። ዓባይ ከኢትዮጵያ ተራሮች ወርዶ በሱዳን ሜዳ ሲጓዝ፣ ከነጭ ዓባይ ጋር ከመገናኘቱ በፊት በሶባ አጠገብ ያልፋል። ሶባ በመካከለኛው ዘመን የአልዋ ክርስቲያናዊ መንግሥት ዋና ከተማ የነበረች፣ ኋላም ፍርስራሽዋ ብቻ የቀረ ጥንታዊት ስፍራ ናት። ለኢትዮጵያውያን ግን ሌላ ትዝታ አላት። በጠላት ወረራ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ በካርቱም ሳሉ፣ ከስደት የተሰበሰቡ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች በሶባ የጦር ትምህርት ተምረው በመኰንንነት ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። ከዚያ ወዲህ ዐሥራ ስድስት ዓመት ሲያልፍ፣ የኢትዮጵያ ልጆች ወደዚያው ወደ ዓባይ ዳር እንደገና መጡ፤ በዚህ ጊዜ የያዙት ኳስ ነበር። የመጡበት ጕዳይ ግን ከቀድሞው ፈጽሞ የራቀ አልነበረም።

የነገሩ መነሻ ይህ ነው። በ1948 ዓ.ም. በሰኔ ወር በሊዝቦን በተደረገው የዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ማኅበር፣ የፊፋ ጉባኤ ላይ የግብጽ፣ የሱዳንና የደቡብ አፍሪቃ መልእክተኞች ተገናኝተው የአፍሪቃ አገሮች የራሳቸው ኮንፌዴሬሽን እንዲኖራቸው ተስማምተው ነበር። በዓመቱ፣ በየካቲት 1949 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቈጣጠር 1957) በካርቱም በግራንድ ሆቴል ጉባኤው ተደርጎ የአፍሪቃ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ተመሠረተ። መሥራቾቹ አገሮች ግብጽ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪቃ ነበሩ። ግብጻዊው አብደል አዚዝ አብደላ ሳሌም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ ሱዳናዊው ሐኪም ዶክተር አብደል ሐሊም መሐመድ ከዋነኞቹ አሰናጆች መካከል ነበሩ፤ በኢትዮጵያ ስም ከተገኙት አንዱ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። በዚያን ጊዜ ነጻ የነበሩት የአፍሪቃ አገሮች በጣት የሚቈጠሩ ነበሩ፤ ሱዳን ነጻነቷን ካገኘች ገና አንድ ዓመት ብቻ ሆኗት ነበር፤ ጋና ነጻ የወጣችው ከጉባኤው በኋላ አንድ ወር ቈይታ ነው።

ከጉባኤው ጋር ተያይዞ የመጀመሪያው የአፍሪቃ ዋንጫ ውድድር በዚያው በካርቱም እንዲደረግ ተወስኖ ነበር። አራት አገሮች ስላሉ ሁለት ግማሽ ፍጻሜና አንድ ፍጻሜ ጨዋታ ይበቃ ነበር፤ ዕጣውም ኢትዮጵያን ከደቡብ አፍሪቃ ጋር አገናኘ። በዚህ ላይ ሳሉ ጥያቄ ተነሣ፤ ደቡብ አፍሪቃ የምታሰልፈው ምን ዓይነት ቡድን ነው? የደቡብ አፍሪቃ መልእክተኛ ፍሬድ ፌል የአገራቸው ሕግ ነጭና ጥቍር በአንድ ቡድን እንዲሰለፉ ስለማይፈቅድ፣ ወይ ነጮች ብቻ ያሉበት ወይ ጥቍሮች ብቻ ያሉበት ቡድን ሊላክ እንደሚችል አስታወቁ። ከ1940 ዓ.ም. ጀምሮ በደቡብ አፍሪቃ ሥልጣን የያዘው መንግሥት አፓርታይድ የተባለውን የዘር መለያየት የአገር ሕግ አድርጎት ነበርና።

ላይ ላዩን ሲታይ ሐሳቡ ለመስማማት የቀረበ ይመስል ነበር፤ ጥቍሮቹን ምረጡ ማለት ይቻል ነበርና። ነገር ግን በዚያ ጉባኤ የተቀመጡት ሰዎች ወጥመዱን አወቁት። ጥቍሮች ብቻ ያሉበትን ቡድን መቀበል የአፓርታይድን ሕግ በሌላ በኩል ዞሮ መፈረም ነበር፤ ቡድን በዘር ይመረጣል የሚለውን መሠረት መቀበል ነበርና። በልጅነታቸው ፋሺስቶች ለይተው ባቆሙት ሜዳ ላይ የተጫወቱት ይድነቃቸው፣ በዚህ ነገር ላይ ከጸኑት መካከል ነበሩ። ኮንፌዴሬሽኑ ተጫዋቾች በችሎታቸው ብቻ የሚመረጡበት፣ ከሁሉም ዘር የተውጣጣ ቡድን ካልሆነ አልቀበልም አለ። ደቡብ አፍሪቃም ከውድድሩ ወጣች፤ ከኮንፌዴሬሽኑም ተለየች። ገና ዕድሜው በቀን የሚቈጠረው ይህ የአፍሪቃ ማኅበር አፓርታይድን በስፖርት በኩል ለማውገዝ ከተነሡት ቀዳሚ ዓለም አቀፍ ማኅበራት አንዱ ሆነ።

ውሳኔው ያለ ዋጋ አልተገኘም። ማኅበሩ ከአራት አባሎቹ አንዱን በተወለደበት ሰሞን አጣ። ኢትዮጵያም በፎርፌ ወደ ፍጻሜ አለፈች፤ ይህ በወረቀት ላይ ሲነበብ ዕድል ቢመስልም፣ ቡድኑ ግን አንድም ጨዋታ ሳያደርግ፣ እግሩን ሳያፍታታ በፍጻሜው ዕለት ግብጽን ያህል የበረታ ቡድን መግጠም ነበረበት። የካቲት 9 ቀን በተደረገው ጨዋታ ግብጽ 4 ለ0 አሸነፈች፤ አራቱንም ግቦች ያገባው አድ ዲባ የተባለው ተጫዋች ነበር። በ1951 ዓ.ም. በካይሮ በተደረገው ሁለተኛ ውድድር ላይ ደግሞ ኢትዮጵያ በግብጽ 4 ለ0፣ በሱዳንም 1 ለ0 ተሸነፈች። እንግዲህ በሁለት ውድድር በሦስት ጨዋታ ዘጠኝ ግብ ተቈጠረባት፤ እርስዋ ግን አንድ እንኳ አላገባችም። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ፣ መርሕ ጠብቆ ከመሸነፍ መርሕ ለቅቆ ማሸነፍ ይሻላል ብሎ ሊመለስ ይችል ነበር። ይድነቃቸው ግን ወደ ሥራ ተመለሱ፤ ጥፋቱ ያለው በመርሑ ላይ ሳይሆን በዝግጅቱ ላይ እንደ ሆነ ያውቁ ነበርና።

ሦስተኛው የአፍሪቃ ዋንጫ በጥር ወር 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲደረግ፣ የብሔራዊው ቡድን አሠልጣኝ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። ቡድኑ ከየማዕዘኑ የተሰበሰበ ነበር። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ከኢጣልያዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለደ ሲሆን፣ ወንድሙ ኢታሎም አብሮት ይሰለፍ ነበር፤ ከአጠገባቸውም መንግሥቱ ወርቁን የመሰለ አጥቂ ነበረ። በፋሺስት ዘመን የነጭና የጥቍር ጋብቻ በሕግ የተከለከለ፣ ከሁለቱም ወገን የተወለደው ልጅም እንደ ውርደት የሚታይ ነበር። አሁን ግን ከዚያው ዘመን የተወለደው ልጅ የኢትዮጵያን ቡድን በአምበልነት መራ። በካርቱም ደቡብ አፍሪቃ አልችልም ያለችውን፣ ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ በሥራ አሳየች።

በግማሽ ፍጻሜው ኢትዮጵያ ቱኒዚያን 4 ለ2 አሸነፈች። በፍጻሜው ጥር 13 ቀን የተገጠመችው ከዚያችው ከግብጽ ጋር ነበር፤ ግብጽም በዚያን ጊዜ የተባበረች ዓረብ ሪፑብሊክ ትባል ነበር። ጨዋታው ለተመልካች ልብ የሚያስጨንቅ ነበር። ግብጾች በባዳዊ አማካይነት በ35ኛው ደቂቃ ቀደሙ፤ ኢትዮጵያ በ74ኛው ደቂቃ አቻ ስትሆን፣ ባዳዊ ወዲያው በማግሥቱ ደቂቃ ሁለተኛውን አገባ። ጊዜው ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ሉቺያኖ ቫሳሎ እንደገና አቻ አደረገ። በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁም አራተኛውን አገቡ፤ ኢትዮጵያ 4 ለ2 አሸነፈች። ዋንጫውን ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለአምበሉ ለሉቺያኖ ሰጡ። በካርቱም የተቈጠሩት አራት ግቦች በአምስት ዓመታቸው በአራት ግብ ተመለሱ።

ከዚህ ድል በኋላ የአቶ ይድነቃቸው ሥራ ከሜዳ ወደ ጉባኤ አዳራሽ ተሻገረ። በዚያም ያገኙት ያንኑ የተዘጋ በር ነው፤ የተዘጋው ግን በሌላ ቍልፍ ነበር። በ1958 ዓ.ም. (1966) በእንግሊዝ አገር ለሚደረገው የዓለም ዋንጫ ፊፋ ለአፍሪቃ፣ ለእስያና ለኦሴኒያ በጠቅላላው አንድ ቦታ ብቻ ወሰነ። የአፍሪቃ አሸናፊ በቀጥታ ለመግባት አይችልም፤ ከሌሎቹ አህጉሮች አሸናፊዎች ጋር እንደገና መጋጠም ይኖርበታል ማለት ነው። ከዚህም ጋር ፊፋ በ1955 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪቃን እግድ አንሥቶ ስለ ነበር ቍጣው በረታ፤ እግዱ እንደገና የተጣለው በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ በተደረገው ጉባኤ ነው። የጋናው የስፖርት ኀላፊ ኦሄኔ ጃንና አቶ ይድነቃቸው ተቃውሞውን ከመሩት ዋነኞች ነበሩ። የአፍሪቃ አገሮች ከማጣሪያው ወጡ፤ በእንግሊዝ አገር በተደረገው የዓለም ዋንጫም አንድም የአፍሪቃ ቡድን አልታየም። የዚያን ዘመን የአፍሪቃ ምርጥ ተጫዋቾች ዕድሜአቸው ሳለ ዓለም ሳያያቸው ቀሩ። ነገር ግን ፊፋ ከዚያ በኋላ ለአፍሪቃ አንድ ሙሉ ቦታ ፈቀደ፤ በ1962 ዓ.ም. ሞሮኮ ወደ ሜክሲኮ የሄደችው በዚህ በር ነው። በ1974 ዓ.ም. ደግሞ ቦታው ሁለት ሆነ።

በ1964 ዓ.ም. አቶ ይድነቃቸው የአፍሪቃ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ ከርሳቸው በፊት በዚያ ወንበር ላይ የነበሩት የካርቱሙ ዶክተር አብደል ሐሊም መሐመድ ነበሩ። በዚሁ ዘመን በዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴም አባል ሆኑ። በ1966 ዓ.ም. በፍራንክፈርት በተደረገው የፊፋ ምርጫ እንግሊዛዊው ሰር ስታንሊ ራውስ በብራዚላዊው ዦአዎ ሀቨላንዥ ሲሸነፉ የአፍሪቃ ድምፅ ሚዛኑን ያጋደለው ነበር፤ ራውስ ደቡብ አፍሪቃን ለመመለስ ያሳዩት ዝንባሌ በአፍሪቃውያን ዘንድ አልተረሳም ነበርና።

የዘር መድልዎ በስፖርት ውስጥ የነበረው ሥር ምን ያህል ጥልቅ እንደ ነበር ለመረዳት፣ ከእግር ኳስ ወጣ ብሎ ራግቢ የተባለውን ጨዋታ መመልከት ይጠቅማል። ራግቢ ሞላላ ኳስ በእጅ ተይዞ እየተሮጠ የሚጫወቱት፣ በእንግሊዞችና በቅኝ አገሮቻቸው ዘንድ እጅግ የተወደደ ጨዋታ ነው። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል በነበረው ዘመን ስማቸው ከገነነው ተጫዋቾች አንዱ ኒው ዚላንዳዊው ጆርጅ ኔፒያ ነበር። ኔፒያ የኒው ዚላንድ ቀደምት ሕዝብ ከሆኑት ከማኦሪዎች ወገን የተወለደ ሲሆን፣ ቡድኑ በ1917 ዓ.ም. ገደማ (1924 እና 1925) በእንግሊዝ አገርና በፈረንሳይ ተዘዋውሮ ሳይሸነፍ ሲመለስ፣ ገና በሃያ ዓመቱ ገደማ በሁሉም ግጥሚያ የተሰለፈ ነበር። ይሁን እንጂ ቡድኑ በ1920 ዓ.ም. (1928) ወደ ደቡብ አፍሪቃ ሲሄድ ኔፒያ አልተወሰደም፤ ከማኦሪም ወገን ማንም አልሄደም። ችሎታው አልጐደለም፤ ጋባዦቹ የማይወዱት ቀለም ስለ ነበረው ብቻ ነው። የገዛ አገሩ ማኅበርም ይህን ተቀብሎ ሌሎቹን ላከ። የኔፒያ ታሪክ የሚያሳየው፣ ጋባዡ በሚያወጣው የዘር ሕግ ተስማምቶ የሚሄድ ቡድን በሕጉ ተካፋይ መሆኑን ነው። በካርቱም የተሰበሰቡት ሰዎች እንቢ ያሉት ይህንኑ ነበር።

ከኔፒያ መቅረት ወዲህ አርባ ስምንት ዓመት ሲሞላ፣ በ1968 ዓ.ም. (1976) የኒው ዚላንድ የራግቢ ቡድን እንደገና ወደ ደቡብ አፍሪቃ ሄደ። በሶዌቶ የተማሪዎች ደም ከፈሰሰ ገና ሳምንታት ብቻ ነበሩ። የአፍሪቃ አገሮች ኒው ዚላንድ ከሞንትሪያል ኦሎምፒክ እንድትወጣ ጠየቁ፤ የኦሎምፒክ ኮሚቴው ራግቢ የኦሎምፒክ ጨዋታ አይደለም ብሎ ጥያቄውን አልተቀበለም። ስለዚህ ኢትዮጵያ ያለችባቸው ከሃያ የሚበልጡ አገሮች ስፖርተኞቻቸውን መልሰው ወሰዱ። ዋጋውን የከፈሉት ሯጮቹ ነበሩ። በሚውኒክ በ10,000 ሜትር የነሐስ ሜዳልያ ያገኘው ምሩጽ ይፍጠር ጕልበቱ በሞላበት ጊዜ ሳይሮጥ ቀረ፤ በሞስኮ ሁለት ወርቅ ያገኘው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ሁሉም ሯጭ ግን የምሩጽን ያህል ዕድል አልቀናውም፤ አራት ዓመት ለአንድ ስፖርተኛ ረጅም ዕድሜ ነውና ከዚያ በኋላ ያልተመለሱ ብዙዎች ናቸው። በካርቱም የተጀመረው እንቢታ እውነተኛ ዋጋ ያለው ስለ ነበር ክብሩም እውነተኛ ሆነ። በዚያው ዓመት ፊፋ ደቡብ አፍሪቃን ፈጽሞ ከአባልነት አስወጣ።

አቶ ይድነቃቸው በፕሬዚዳንትነታቸው ዘመን ሌሎች ክርክሮችም ገጥመዋቸዋል። የዓለም እግር ኳስ በንግድ ገንዘብ እየተሞላ በሄደ ጊዜ፣ የአፍሪቃ ውድድሮች በመጠጥና በትምባሆ ማስታወቂያ እንዲደገፉ አልፈቀዱም፤ ወጣቶችን የሚያስተምር ጨዋታ ወጣቶችን በሚጐዳ ነገር ገንዘብ መኖር የለበትም የሚል ሐሳብ ነበራቸው። የአህጉሪቱ ምርጥ ልጆች ወደ አውሮፓ ቡድኖች መፍለሳቸውንም ይቃወሙ ነበር፤ አፍሪቃ ጥሬ ዕቃዋን ለሌላው እያቀረበች እርስዋ ባዶዋን እንዳትቀር ይሠጉ ነበርና። በነዚህ ጕዳዮች ሁሉም አልተስማሙላቸውም። ማኅበሩ ገንዘብ አጥሮት በነበረበት ጊዜ ገንዘብ መመለስ ይከብዳል የሚሉ ነበሩ፤ አንድ ተጫዋችም ቤተ ሰቡን ሊያኖር የሚችልበትን ዕድል በአህጉር ክብር ስም መዝጋት አይገባም የሚሉ ነበሩ። ተቃውሞው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ጊዜውም በብዙው ነገር ወደነዚያ ወገን አዘንብሏል። ነገር ግን የርሳቸው ሥጋት ባዶ እንዳልነበረ፣ ምርጥ ልጆቻቸውን በቴሌቪዥን ብቻ የሚያዩት የአፍሪቃ ስታዲየሞች ይመሰክራሉ።

በ1967 ዓ.ም. በኢትዮጵያ መንግሥት ሲለወጥ፣ አቶ ይድነቃቸው በአፍሪቃ ማኅበር ፕሬዚዳንትነታቸው እንደ ቆዩ ናቸው። በየጉባኤው እየተመረጡ፣ እስከ ዕለተ ሞታቸው በዚያው ወንበር ላይ ሳሉ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. በስድሳ አምስት ዓመታቸው ዐረፉ። ከርሳቸውም በኋላ ወንበሩን ለጊዜው የተረከቡት በ1949 ዓ.ም. በካርቱም አብረዋቸው የነበሩት ዶክተር አብደል ሐሊም መሐመድ ነበሩ።

በሞቱበት ጊዜ አፓርታይድ ገና አልፈረሰም፤ ኔልሰን ማንዴላም በእስር ቤት ነበሩ። የካርቱሙ ጥያቄ መልስ ያገኘው ከርሳቸው በኋላ ነው። በ1984 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪቃ ወደ ዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ማኅበር ተመለሰች። በ1988 ዓ.ም. (1996) የአፍሪቃ ዋንጫ በራስዋ አገር ተደረገ፤ ጥቍሩም፣ ነጩም፣ ክልሱም በአንድ መለያ ተሰልፈው ዋንጫውን አነሡ። በ1949 ዓ.ም. ያ ቡድን እንዲመጣ ተጠይቆ ነበር፤ የመጣው በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።

ሰው የሚያስታውሰው አብዛኛውን ጊዜ የተገኘ ድልን ነው፤ የ1954 ዓ.ም. ዋንጫም እስከ ዛሬ የኢትዮጵያ ብቸኛው የአፍሪቃ ዋንጫ ሆኖ ይታወሳል። ነገር ግን ለተማሪ የሚነገር ታሪክ የተመረጠ እንደ ሆነ፣ ከዋንጫው ዕለት ይልቅ የካርቱሙ ሽንፈት ይበልጥ የሚያስተምር ይመስላል። ኢትዮጵያ በዚያን ቀን አራት ግብ ተቈጥሮባት ወደ ቤትዋ ተመለሰች፤ የተመለሰችው ግን በሩ ለሁሉ እኩል ካልተከፈተ በስተቀር ወደ ሜዳው መግባት እንደማይገባ ካስመሰከሩት ጥቂት አገሮች አንዲቱ ሆና ነው። አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ከጅማ እስከ አራዳ፣ ከአራዳ እስከ ካርቱም፣ ከዚያም እስከ ዓለም ጉባኤ ይዘውት የዞሩት ሕግ ይህ ነበር። በየትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ሁለት ልጆች ለጨዋታ ቡድን ሲመርጡ፣ አንዱን ልጅ ስለ ችሎታው ሳይሆን ስለ ማንነቱ ከዳር ያስቀሩት እንደ ሆነ፣ መምህሩ ፊሽካውን ከመንፋቱ በፊት ሊያቆማቸው የሚገባውም በዚሁ ሕግ ነው።